ስለ ግዥ ደንብና ስለ አንድ የውሃ ሞተር

የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ በደንብና በሥርዓት እንዲወጣ ማስፈለጉን የሚክድ ሰው ይኖራል ብለን አናስብም። እኛም በወለጋ ውስጥ በምትገኝ፥ ስሟን መጥራት በማያስፈልገን በአንዲት ትንሽ ከተማ ለሦስት ዓመት ያህል የግዥ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነን ስንሠራ ይህንኑ እምነት ይዘን ነበር፤ ዛሬም አልጣልነውም። ነገር ግን ደንቡ ራሱ ወጪ አለው። ያም ወጪ በማናቸውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ተለይቶ አይጻፍም። ይህን እንዴት እንደ ተማርነው ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን።

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። የከተማይቱን ውሃ ከጉድጓድ ከሚስበው ሞተር አንድ ክፍሉ ተቃጠለ። መለዋወጫው ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሱቅ መኖሩን የውሃ ክፍሉ ሠራተኛ በስልክ ጠይቆ በዚያው ቀን አረጋገጠ። ዋጋው ከአንድ መምህር የሁለት ወር ደመወዝ የሚበልጥ አልነበረም፤ ገንዘቡም በበጀት ተይዞ ነበር። ዕቃውና ገንዘቡ ካሉ የቀረው ምንድን ነው? የቀረው ሦስት ፕሮፎርማ ነበር።

ሹማምንት ያውቁታል፤ ተማሪዎች ግን ላያውቁት ስለሚችሉ እንናገረው። ግዥው አነስተኛ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ ጨረታ በጋዜጣ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ከሦስት ነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ይመርጣል። ነጋዴዎቹም ፈቃዳቸውን ያሳደሱ፥ ግብራቸውን የከፈሉ መሆን አለባቸው። ስለዚህ አንድ የግዥ ሠራተኛና አንድ ሾፌር ነቀምቴ ወርደው ሁለት ሌሊት አደሩ። ከሦስቱ ነጋዴዎች የአንደኛው ፈቃድ አልታደሰም ነበርና ወረቀቱ ውድቅ ሆነ፤ ሰዎቹም እንደ ገና ሄዱ። የሁለቱ ውሎ አበልና የመኪናው ነዳጅ ሲደመር ከመለዋወጫው ዋጋ አለፈ። ይህ ግን ከሞተሩ ሒሳብ ጋራ አልተጻፈም። አበሉ በአበል መደብ፥ ነዳጁ በነዳጅ መደብ ተመዘገበ። ከስድስት ሳምንት በላይ ውሃ ከወንዝ በጀርባቸው ያመላለሱት ሴቶች ድካም ደግሞ የሚመዘገብበት መደብ ከቶ የለም።

በመጨረሻ ኮሚቴው ተሰብስቦ ፖስታዎቹን ከፈተ። ማኅተሙ ሦስት ዓይነት ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። በሦስቱም ወረቀት ላይ የሰባት ቁጥር ወገቡ ላይ በአግድም መሥመር ተሰርዟል። መለዋወጫው የነበረው በአንድ ሱቅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ባለ ሱቁ የሁለት ወዳጆቹን ማኅተም ተውሶ ሦስቱንም ራሱ ሞልቷቸው ነበር። እርስ በርሳችን ተያየን። ማንም አልተናገረም።

በእርግጥ ሌላ መንገድ ነበረ። ዕቃው ከአንድ አቅራቢ በቀር የማይገኝ እንደ ሆነ ምክንያቱን ጽፎ በቀጥታ መግዛትን ደንቡ ይፈቅዳል። ነገር ግን ለዚህ የበላይ ኀላፊ ፈቃድ ያሻል፤ ኀላፊውም ነገ ኦዲተር ይጠይቀኛል ብሎ ይፈራል። ለንብረት ክፍሉ ሽማግሌ፥ ሁላችንም «ኦቦ» እያልን በአክብሮት ለምንጠራቸው ሰው፥ ቀስ ብለን አሳብሰው ያለንን አካፈልናቸው። እሳቸውም «ልጄ፥ ይህ ደንብ ሳይኖር የነበረውን አንተ አላየህም። ሹሙ ከአማቹ ሱቅ ሲገዛ የሚጠይቀው አልነበረም። ወረቀቱ ሦስት ከሆነ ይበቃል» አሉን። ስለ ድሮው የተናገሩት እውነት መሆኑን አልተጠራጠርንም። ቃለ ጉባኤውን በኦሮምኛ የጻፍነው እኛ ነን፤ «ከሦስት ተወዳዳሪዎች መካከል» የሚለውንም ቃል ያስገባነው እኛው ነን። ፈረምንም።

የዚህን ደንብ አመጣጥ በአጭሩ ብናስታውስ፥ የፌዴራሉ የመጀመሪያ የግዥ አዋጅ ቁጥር 430 በ1997 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 649፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1333 ተተካ። ክልሎችም በዚያው አምሳል የየራሳቸውን አወጡ። በጀት ወደ ወረዳ እንዲወርድ የተደረገው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ወረዳው ገንዘቡን በተቀበለ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደንቡንም ተቀበለ ማለት ነው። ደንቡን የሚፈጽመው ሰው ግን አብሮ አልመጣም። በፑል አሠራር አንድ ወይም ሁለት የግዥ ሠራተኞች ለትምህርት፥ ለጤና፥ ለእርሻና ለሌላውም ጽሕፈት ቤት ሁሉ ይገዛሉ።

ከሁሉ የከፋው የቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። በጀቱ ጸድቆ፥ የጨረታ ሰነድ ተዘጋጅቶ፥ ማስታወቂያ ወጥቶ፥ ፖስታ ተከፍቶ፥ ቅሬታ ተሰምቶ ውል እስኪፈረም ድረስ ጥር ይገባል። ሥራ ተቋራጩ አሸዋና ድንጋይ ሲያቀርብ መጋቢት ይሆናል። በወለጋ ደግሞ ዝናቡ እንደ ሌላው አገር ሐምሌን አይጠብቅም፤ በሚያዝያ ማብቂያ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፥ ወደ ነጆ፥ ይልቁንም ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ወደ ደምቢ ዶሎ የሄደ ሰው ከዋናው መንገድ ሲወጣ ጭቃው ምን እንደሚመስል ያውቃል። እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ በግማሽ ቆሞ ሰኔ ይደርሳል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ይሯሯጣል፤ በስድስት ወር ያልተገዛው ወረቀትና ጎማ በሁለት ሳምንት ይገዛል። የሰኔን ግዥ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ የለም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ጸጥታው ሲደፈርስና መንገድ ሲዘጋ ተጫራች ከሩቅ መምጣቱን ተወ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ በፊት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በኋላ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ግዥ መልካም ነገር ነው፤ ወደ እነዚህ ከተሞች ሲደርስ ግን መስመሩ ያለ መቋረጥ መኖሩ አስቀድሞ መታሰብ ይገባዋል።

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት ዊክስ የሚባለው ሕግ፥ ከተሞች ሕንፃ ሲያሠሩ የቧንቧውን፥ የኤሌክትሪኩንና የማሞቂያውን ሥራ ለየብቻ እንዲያዋውሉ ያስገድዳል። ሕጉ የሚጀምርበት የ50,000 ዶላር ወሰን ዋጋው ሁሉ ሲንር ለዐሥርት ዓመታት ሳይነሣ ቆይቶ፥ ከፍ የተደረገው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። እኛም በ2002 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ14 ብር በታች ሲመነዘር አይተናል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተፈቀደ በኋላ ከ100 ብር አልፏል። በብር ተጽፎ የተቀመጠ የግዥ ጣሪያ ቶሎ ቶሎ ካልታደሰ፥ ትናንት በፕሮፎርማ ይገዛ የነበረው ዕቃ ዛሬ ግልጽ ጨረታ ይጠይቃል።

ወደ ሞተሩ እንመለስ። በየካቲት ተጠግኖ ውሃው መጣ። በዓመቱ ኦዲተር ሲመጣ የዚያን ግዥ ፋይል አቀረብንለት። ፕሮፎርማውን ቆጠረ፥ ቃለ ጉባኤውን አነበበ፥ ሞዴል 19ኙን አመሳከረ። «እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተሟላ ፋይል ይህ ነው» አለን። አመሰገንነው፤ ቡናም አብረን ጠጣን። የሰባት ቁጥሮቹን ግን አላስተዋላቸውም፤ እኛም አላሳየነውም።