ክራሩን ይዘን ደካ ገባን

ሙዚቀኛ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ለሥራ ከሀገር ሲነሳ ቤቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ልጄ ክራር ተጫዋች ናት። ማናጀርም አሳታሚም የላትም። ዘፈኗን በራሷ ገንዘብ ታስቀርጻለች፣ ራሷ በዩቲዩብ ትለቃለች፤ የሒሳቡን ደብተር የምይዘው እኔ አባቷ ነኝ። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ በሚካሄደው አክሴስ በተባለው የአፍሪካ ሙዚቃ ጉባኤ ልትሳተፍ ስትዘጋጅ፣ “መጀመሪያ ደካ መድረስ አለብኝ” አለች። እናቴ ያለችው እዚያ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅማ አደርን። ጎጀብን ተሻግሮ መንገዱ ወደ ላይ ሲወጣ ጫካው ከሁለት በኩል ይቀርባችኋል፤ ዛፍ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቀፎ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘል ጉሬዛ። ጥቅምት ስለነበር ቡናው እየቀላ ነበር። ይህ ደን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የካፋ ደን ነው። የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ቦንጋ ላይ ያለውን የቡና ሙዚየም ሳታሳዩ አትለፉ፤ እኛ ግን ቸኩለን ነበር። ከቦንጋ ወደ ጌሻ ያለውን መንገድ እንኳን ባላወራው ይሻላል፤ ክረምቱ ጭቃውን ትቶልን ሄዷል። ልጄ ክራሩን ጭኗ ላይ አቅፋው ነው የገባችው።

ደካ ደጋ ናት። በየጓሮው እንሰት፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ። ልጄ አዲስ አበባ ስላደገች ካፊኖኖ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም፤ ከአያቷ ጋር የሚያግባቧቸው ዜማና ቡና ናቸው።

ጉባኤው ምን እንደሆነ ለእናቴ ማስረዳት ለእኔ ወደቀ። በ2017 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ተጀምሮ ናይሮቢና አክራ የዞረ፣ ሙዚቀኞች፣ የፌስቲቫል አዘጋጆችና የሙዚቃ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነው አልኳት። “ገበያ ነዋ!” አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም። ማናጀር የሌለው ሰው በዚያ ገበያ የሚቆመው እጁ ላይ በያዘው ብቻ ነው፤ ስለራሱ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ፣ ጥሩ ፎቶግራፍ፣ ለመድረክ የሚያስፈልገው የድምፅ መሣሪያ ዝርዝር፣ በፍላሽ የተገለበጠ ናሙና። ልጄ ለናሙናው አራት ዘፈን መርጣለች። ሁለቱ የራሷ ናቸው፤ ሁለቱ የአያቷ። ከሁለቱ አንዱ በልጅነቷ እናቴ ስታንጎራጉር የሰማችው የለቅሶ ዜማ ነበር። ናሙናውን ሁሉ የሠራችው እሱን መሃል አድርጋ ነው።

ማታ ቡናው እየተፈላ ቀረጻውን አሰማቻት። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ከዚያ፣

“ይኼ ለሞተ ሰው የሚባል ነው። እዚያ ማን ሞተብሽ?”

“እማማ፣ ዜማው እንዲታወቅ ብዬ ነው።”

“ይታወቃል፤ እኛ እናውቀዋለን።”

ልጄ ዝም አለች። እኔም መሃል ቤት ቀረሁ። የአንድ ዓመት ልፋቷንና ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውቃለሁ፤ እናቴ ያንን ዜማ በማን ላይ እንዳለችውም አውቃለሁ፤ በአባቴ ላይ። ሕጉን ብንጠይቅ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ልጄ የሠራችውን ቅንብር እንደ ሥራዋ ይጠብቅላታል። ሕጉ የሚፈቅደውን አያት ስትከለክል ግን የት ይኬዳል? እኔ በበኩሌ ለእናቴ አደላሁ፤ ልጄም ፊቴን አይታ አወቀችብኝ። ያን ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ጠዋት ስነቃ ሁለቱ ጓሮ ናቸው። እናቴ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች የሚያዜሙትን ታስተምራታለች፤ ልጄ ቃሉን በስልኳ ትቀርጻለች፣ ስትሳሳት እናቴ እጇን መታ ታደርጋታለች። የለቅሶውን ዜማ ለማስቀረት ማን ማንን እንዳሳመነ አልጠየቅኩም። ናሙናው እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ስቱዲዮ ለግማሽ ቀን ተጨማሪ ክፍያ ማለት ነው፤ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

የቀረው ቀላል ነው። ሩዋንዳ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፍሪካውያንን ቪዛ ስለማትጠይቅ ከዚያ ሩጫ ተርፈናል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዛል። ክራሩ ከጓዝ ጋር አይላክም፤ ክሮቹ ላላ ተደርገው በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ይገባል። እናቴ የሰጠቻት ማር ግን በእጅ አይታለፍምና በሻንጣ፣ በሁለት ፌስታል ታስሮ።

ናሙናው ላይ “የዜማ ደራሲ” በሚለው ቦታ ምን እንደምትጽፍ ብዙ አሰበች። “ባህላዊ” ብቻ ብትል ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ የራሷን ስም ብትጽፍ ውሸት ነው። በመጨረሻ “የካፋ ሕዝብ ዜማ፣ ደካ ላይ ከአያቴ የተማርኩት” ብላ ጻፈች። ከስልክ ወደ ናሙናው የገባው የአያቷ ድምፅ ሃያ ሰከንድ ያህል ነው። መሃሉ ላይ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ስቱዲዮው ሊያጠፋው ሲል “ተወው” አለችው።