ፌስታልና ዋልካ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት እኛ ሦስት የእስቴ ልጆች መካነ ኢየሱስ ላይ የሠራነውን ሥራ፣ ያጠፋነውንም ጥፋት ሳንደብቅ፣ በዚህ ጋዜጣ ላይ ማቅረብ ይገባናል ብለን ይህችን ጽፈናል።

የሰፈራችን አፈር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ያብጥና ጫማ ይዞ ያስቀራል። በገበያ ማግስት ቦዩ በፌስታል ይደፈናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን ነገር በአዲስ አዋጅ አግዷል። ቦያችን ግን አዋጅ አያነብም።

ነገሩን የጀመርነው ስለ አንድ የሕንድ አስተማሪ ካነበብን በኋላ ነው። ራጃጎፓላን ቫሱዴቫን የተባሉ የኬሚስትሪ መምህር እ.ኤ.አ. በ2002 ማዱራይ ከተማ በሚያስተምሩበት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ በወዳደቀ ፕላስቲክ መንገድ አሠሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠጠሩ እስከ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይግላል፤ የተቆራረጠ ፌስታል ይበተንበታል፤ ቀልጦ ጠጠሩን እንደ ቅባት ይለብሰዋል፤ ከዚያ ሬንጅ ይጨመርበታል። የተቀባው ጠጠር ውሃ ስለማያስገባ ሬንጁ ቶሎ አይላቀቅም፤ ጉድጓድም ይቀንሳል ማለት ነው። ፕላስቲኩ ከሬንጁ 10 በመቶ ያህሉን ይተካል፤ በ1 ኪሎ ሜትር ጠባብ መንገድ ላይም 1 ቶን ያህል ፕላስቲክ ይገባል። ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎማም ተፈጭቶ ከሬንጅ ጋር ይደባለቃል፤ እኛ ዘንድ ግን አሮጌ ጎማ በርባሶ ሆኖ እግራችን ላይ ስለሆነ ለመንገድ አይተርፍም!

እኛ ሬንጅ ከየት እናምጣ? ስለዚህ ፕላስቲክ አቅልጠን ከአሸዋ ጋር በማቡካት ንጣፍ ለመሥራት አሰብን። የሰፈር ልጆች ፌስታል ለቀሙልን። አሮጌ ብረት ድስት ጣድን፤ የጣውላ ቅርጽ ሠርተን የተቃጠለ ዘይት ቀባነው። ፌስታሉ ቀለጠ። ሃይላንዱ ግን አልቀልጥ አለን፤ ለካስ የእሱ መቅለጫ ከ250 ዲግሪ በላይ ኖሯል። የቧንቧና የዝናብ ልብስ ፕላስቲክ ሲግል መርዘኛ ጋዝ እንደሚያወጣ ስለምናውቅ ለይተን ጣልነው። ሃያ ሦስት ንጣፍ ሠራን፤ ደህና የወጣው ዘጠኝ ብቻ። እሱንም ቦኖ ውሃው አጠገብ ደረደርነውና ኮራን።

በሦስተኛው ቀን ከለቃሚዎቹ አንዱ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ጓሯቸው ውስጥ በጣሳ ፌስታል ሲያቀልጥ እጁ ላይ ተንጠባጠበበት። የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ፈላ ውሃ አይወርድም፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል። ወደ ሐኪም አደረስነው። እናቱ አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን በተሻለን።

«እናንተ አስተማሪ ልትሆኑ አይደል?» አሉን። «ልጄ እኮ ከእናንተ ያየውን ነው የሠራው።»

የምንመልሰው አጣን። እኛ አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን ስንሠራ ልጆቹ ጭሱ ውስጥ ቆመው ያዩን ነበር። ራቁ ያላቸው አልነበረም። ድስቱን የዚያኑ ዕለት አነሣን።

ጳጉሜን ላይ ስናይ ከዘጠኙ ንጣፍ አራቱ ሰምጠዋል። በዚያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ንጣፉስ ደግ ነበር፤ ከሥሩ ምን አደረጋችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ምንም! ዋልካው ላይ ነበር ያስቀመጥነው። እኛ ጋይንትን አቋርጦ ወደ መቅደላ የሄደውን የ1860 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስን የሴባስቶፖል መንገድ ስንተርክ ያደግን ልጆች፣ ቦይ ሳንቆፍር መንገድ ልንሠራ!

ሽማግሌው ኮብልስቶን ሲጠረብ የሚረግፈውን ስባሪ አሳዩን። ማንም የማይፈልገው፣ እንደ ክምር ጭድ የተቆለለ ነው። ዋልካውን ሁለት ክንድ ያህል ቆፍረን አወጣን፤ በጎን ቦይ ቀደድን፤ ጉድጓዱን በስባሪው ሞልተን ደለደልን። እሳት አልፈለገም።

ያ ልጅም ቀኝ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ መጣ። ሂድ ብንለው እምቢ አለ፤ በግራ እጁ አንድ አንድ ስባሪ እያነሣ ሲያቀብለን ዋለ። እናቱም ከበራቸው ላይ ቆመው ያዩን ነበር። እስከ ቦኖው ሃያ ሜትር ያህል ይቀረናል፤ ለጥምቀት ስንሄድ እንቀጥላለን።