የማይታረሰው መሬት ለማን?

ቅንጦትም እንደ አገሩ ነው። በቦትስዋና፣ በኦካቫንጎ ረግረግ መሐል፣ ለአንድ ሌሊት ከ1000 ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ የድንኳን ሰፈሮች አሉ። ድንኳን ይባሉ እንጂ አልጋቸው ሰፊ፣ የመታጠቢያ ውሃቸው ሙቅ ነው። እንግዳው በትንሽ አውሮፕላን ይገባል፤ ዝሆኑንና ጉማሬውን ያያል፤ በትንሽ አውሮፕላን ይወጣል። ጥቂት ሰው፣ ብዙ ገንዘብ፤ የአገሪቱ ስልት ይኸው ነው።

ታዲያ የመካነ ሰላም ተማሪዎችን ይህ ምን ያገባናል? ያገባናል እንጂ! የኛም ደጅ ዱር አለው። ደንቆሮ ጫቃ በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ይባላል። አንደኛ ዓመት ሳለን ስድስት ሆነን ወጥተን አድረንበታል። የኛ ቅንጦት አንድ ሸራ፣ ሁለት ባና፣ በሶና ቆሎ ነበር። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተን በየተራ እንታቀፍ ነበር። ብርዱ ግን ወይ ፍንክች!

ሲነጋ ጓሳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየተንጫጩ ወደ ሜዳው ወጡ። ከጅብራዎቹ ወዲያ አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀስሮ የፍልፈል ጉድጓድ ያደምጣል። በመላው ዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። እኛ በነፃ አየነው።

በነፃ? ቆሎውን ያመጡልን ሽማግሌ ገበሬ እንደዚያ አላሰቡም። «አባባ፣ እዚህ ትልቅ ሎጅ ቢሠራስ?» አልናቸው።

«ይሠራ ልጆቼ፣ ማን ጠላ? ግን ከብቱን የምከለክል እኔ፣ ብሩን የሚቆጥር ሌላ ከሆነ፣ ቀበሮው ጠላቴ ሆነ ማለት አይደል?»

ይህን ነገር ስንመላለስበት ሰነበትን። ጓሳ ለገበሬው የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በክፉ ቀን የከብት ነፍስ ነው። አጥር ቢታጠርበት የሚጎድለው ከሱ ቤት ነው። ካልታጠረ ደግሞ የገብስ ማሳው ሽቅብ ይወጣል፤ ውሻ ይከተላል፤ የውሻው በሽታ ቀበሮውን ይፈጃል። ሁለቱም እውነት ነው።

መንዞች ለዚህ መላ ነበራቸው። የጓሳን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠበቁት። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል። ሥርዓቱ ግን የእኩልነት አልነበረም፤ መብቱ አጽመ ርስት ላለው ብቻ ነበርና። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጣ። ገባሩ ነፃ ወጣ። ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳውም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን መለሰ፤ ከድሮው የተገለሉትንም አስገባ፤ ለእንግዳም ማደሪያ ሠራ።

ያ መፈክር ትክክል ነበር እንላለን። ግን የማይታረሰው መሬትስ ለማን ነው? ለዚህ የተዘጋጀ መፈክር አልነበረም፤ የኛ ትውልድ ጥያቄ ይህ ይመስለናል።

ኦካቫንጎም ራሱ ሌላ ነገር ያስተምራል። በመሐሉ ያለውን የሞሬሚን ጥብቅ ቦታ በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአገሬው ባታዋና ሰዎች ናቸው፤ አውሬው በአደን ሲያልቅ አይተው። የረግረጉ ውሃ ደግሞ የሚመጣው ከአንጎላ ደጋ ነው። ምንጩን የያዘው ደገኛ ድንኳኑን አያየውም። የኛ ደጋም ውሃውን ለዓባይ ይሸኛል፤ መሸኘቱን እንችልበታለን።

እንግዲህ አንድ ቀን ባለገንዘብ መጥቶ ደንቆሮ አፋፍ ላይ ባለ ሙቅ ውሃ ድንኳን ልትከል ይል ይሆናል። ይምጣ፣ አንጠላም። ከመካከላችን ያኔ ፕላኑን የሚያነብ፣ ውሉን የሚጽፍ፣ ቢሮ የሚቀመጥ ይኖራል። ያ ሰው የአልጋውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ይህን ይጠይቅልን፦ የጓሳው ማጨጃ ቀን ሲደርስ፣ ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው?