የመሸበት እንግዳ በአውግስቡርግ

«እዚህ ቤት ሁለት ዓይነት እንግዳ ነው ያለን» አለችኝ የእንግዳ መቀበያዋ ወጣት ቁልፌን ከመንጠቆው እያወረደች፤ «ጥገኝነት የሚጠይቅና የማይጠይቅ።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቀልድ አልነበረም።

አውግስቡርግ የሄድኩት ለማደር አልነበረም። ከሙኒክ በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ፉገራይን አይቼ ማታውኑ ልመለስ ነበር። ፉገራይ ያኮብ ፉገር የሚባል፣ ነገሥታትን ያበድር የነበረ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1521 ለከተማው ድሆች ያቆመው ሰፈር ነው። ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ኪራዩ 88 ሳንቲም ነው፤ የወር እንዳይመስላችሁ፣ የዓመት። በዚያ ላይ ነዋሪው በቀን ሦስት ጊዜ ለመሥራቹ ይጸልያል። እኔ በር ላይ ለጉብኝት የከፈልኩት ከነሱ የዓመት ኪራይ ይበልጣል፤ አልቆጨኝም። የየቤቱ ደወል መጎተቻ ብረት ቅርጹ ለየቅል ነው። የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው በጨለማ ዳስሶ የራሱን በር እንዲያገኝ ነው ይባላል። ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱን ዳሰስኳቸው። እውነትም አይምታቱም።

ስወጣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እዚያ ለመኖር ችግረኛ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ካቶሊክና የአውግስቡርግ ሰው መሆንም ያስፈልጋል። አገር ላለው ድሃ የተሠራ ደግነት ነው። አገሩን ጥሎ የመጣውስ?

ይህን እያሰብኩ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ካለው አደባባይ ደረስኩ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2016፣ ቀኑ ኦገስት 8 ነበር። ያን ቀን ከመላው ጀርመን ሥራ የምትዘጋው አውግስቡርግ ብቻ ናት፤ አምልኳቸው ተከልክሎባቸው የነበሩት ፕሮቴስታንቶች ከ1650 ጀምረው ያከበሩት የሰላም በዓል ነው። አደባባዩ ላይ ረጃጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ሰው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ከማያውቀው ሰው ጋር ይበላል። ባዶ እጄን ቆሜ ሳመነታ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። አጠገቤ አንድ ወጣት የድስት ክዳን ሲያነሳ ሽታው በርበሬ ነው። ቀና አልኩ።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል?»

ልጁ አስመራ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛውን የለመደው ካርቱም ውስጥ ከእኛ ልጆች ጋር ሲሠራ ነው። የት እንደሚኖር ስጠይቀው «ሆቴል» አለኝ። ጀርመን ያሉ ሐበሾች የስደተኛ መኖሪያውን «ሃይም» ሲሉት ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሆቴል ሲባል ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ባቡሬን ትቼ ተከተልኩት።

ግራንድ ሆቴል ኮስሞፖሊስ ከካቴድራሉ ብዙም አይርቅም። ስሙን ሰምቶ ባለኮከብ ሆቴል የጠበቀ ሰው ይደነግጣል፤ ባለስድስት ፎቅ ያረጀ ሕንፃ ነው። ቀድሞ የአረጋውያን መኖሪያ ነበር፤ ከተዘጋ በኋላ ዓመታት ባዶውን ቆመ። ባለቤቱ፣ የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅት ዲያኮኒ፣ የጥገኝነት ጠያቂዎች መጠለያ ሊያደርገው ሲያስብ በ2011 የከተማዋ አርቲስቶች ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ። ስደተኛው ይግባ፣ ግን ብቻውን አይግባ፤ ሆቴሉም፣ ካፌውም፣ የሥዕል ስቱዲዮውም ከሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሁን አሉ። በጎ ፈቃደኞች ግድግዳ ፍቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሰው የሰጣቸውን አሮጌ ዕቃ ጠግነው በ2013 ከፈቱት። ያን ጊዜ ወደ 60 የሚሆኑ ጥገኝነት ጠያቂዎች ይኖሩበት ነበር። የእንግዳውን ክፍል ደግሞ እያንዳንዱን የተለያየ አርቲስት ነው ያስጌጠው። ካፌው ቁርጥ ዋጋ አልነበረውም፤ ሰው የቻለውን ይከፍል ነበር። (እንዲህ ያለ ቦታ እኔ ሁልጊዜ አብዝቼ ነው የምከፍለው፤ ይሉኝታዬ ከሒሳቤ ይበልጣል።)

የወደድኩት ግን ቃሉን ነው። ሁላችንንም «እንግዳ» ነው የሚሉን። እኛ ዘንድ እንግዳ የተጋበዘውም ነው፣ ማንነቱ ያልታወቀውም ነው። ድሮ መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባ ነበር፤ ከየት መጣህ የሚባለው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። ጀርመን አገር ይህን አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አንድ ሌሊት ያልኩት አምስት ሆነ።

በማግስቱ ልጁ ቡና ጠራኝ። የሚቆላው በረንዳ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ቆልቶ የጭስ ደወሉ ሕንፃውን አናውጦት፣ የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አቦል ጠጥተው ሄዱ ይላል። ማጋነኑን እንጃ። አንዲት አፍጋናዊት ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ከላይኛው ፎቅ ቀለም በቀለም የሆነ ሠዓሊ ወረደ፤ ሰማንያ የሚጠጋቸው አንዲት ጀርመናዊት ባልቴትም ቀድመው ተቀምጠዋል። ልጁ «ኦማ» ይላቸዋል፣ አያቴ ማለቱ ነው። ስኒ የለም። ቡናው የሚቀዳው ጀርመኖች ቁርስ ላይ የተቀቀለ እንቁላል በሚያቆሙባት ነጭ ዋንጫ ነው፤ ከአረጋውያኑ ቤት የተረፈች ናት። እጀታ ስለሌላት ጣት ታቃጥላለች።

ኦማ የሚመጡት ለቡናው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እናታቸው ያረጁትም የሞቱትም እዚሁ ቤት ነው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ቡናው ሲቀርብላቸው ሳይጠጡ ዋንጫዋን ገልብጠው ሥሯን አዩ፤ ከዚያ «እናቴ እሑድ እሑድ እንቁላሏን በዚህ ነበር የምትበላው» አሉ። ልጁ ይውሰዷት ብሎ ቢለምናቸው እምቢ አሉ። እዚሁ ትቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እጠጣባታለሁ አሉት። ያን ሳምንት በእኔ ምክንያት አንድ ቀን ጨምረው መምጣታቸው ነው።

እኔና ልጁ እኩል ነን ብዬ ግን አልዋሽም። የባንክ ደብተሬን ለኤምባሲ አሳይቼ ያገኘሁት ቪዛ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ስፈልግ እሄዳለሁ። እሱ አሻራውን የሰጠው ጣሊያን ነው፤ ደብሊን በሚባለው ሕግ መጀመሪያ ወደረገጠው የአውሮፓ አገር ሊመልሱት ይችላሉ። ውሳኔው በቢጫ ፖስታ ነው የሚመጣው። ቤቱ ውስጥ ቋንቋ የማይጋሩት ሁሉ ያንን ቀለም ይጋራሉ። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ በብስክሌት ሲደርስ ሳቁ ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ አርቲስቶቹ ራሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የሄድኩት ቅዳሜ ነው። ቁልፌን አስረክቤ ስዞር ልጁ የፖስታ ሣጥኑን ከፍቶ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቷል። አንድ የፒዛ ማስታወቂያ አወጣ፤ ደግሞ ሌላ የፒዛ ማስታወቂያ። ሣጥኑን ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ጭምር አየው።

«የለም» አለኝ።

ሻንጣዬን እስከ ውጪው በር አደረሰልኝና ሰዓቱን አየ። ኦማ ሊደርሱ ነው፤ ቡናው ገና አልተቆላም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።