105.9 ላይ የነበረው ሳክስፎን

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዳ ሐበሻ 105.9ን ሳያስታውሰው አይቀርም። የሬድዮ ጣቢያው ሌት ተቀን ለስላሳውን ስሙዝ ጃዝ ያሰማ ነበር። ናሽናል ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ስንጠብቅ፣ ኬ ስትሪት ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ፣ ሌሊት ሰው ጠፍቶ ባዶ መኪና ይዘን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ሳክስፎኑ አብሮን ነበር። ዜና ከተሳፋሪ ጋር ያከራክራል፣ ሮክ ያስጮኻል፤ በዚህ ጣቢያ የተከፋ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጠበቃውም ነርሷም፣ ጥቁሩም ነጩም ወንበሩን ደገፍ ይሉና ትከሻቸው ሲላላ በመስታወት አያለሁ። አንዳንዱ «እስቲ ከፍ አድርገው» ይለኛል፤ በተለይ የሳክስፎኒስቱ የግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር ሲሆን። ግሮቨር በዲሴምበር 1999 ኒውዮርክ ውስጥ ለቴሌቪዥን ከተቀረጸ በኋላ ወድቆ ሲሞት፣ የሥጋ ዘመድ የሞተብኝ ያህል አዘንኩ።

ኬኒ ጂንማ ከአገር ቤት ነው ይዘነው የመጣነው። አዲስ አበባ ስንት የሠርግ ቪዲዮ በእሱ ሳክስፎን ታጅቧል! በ1992 የወጣው «ብሬትለስ» የተሰኘው አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 12 ሚሊዮን ቅጂ ተመዝግቦለታል። የጃዝ ሊቃውንት ይህን ሁሉ አይወዱትም ነበር። ጊታሪስቱ ፓት ሜቴኒ ኬኒ ጂን እንዴት አድርጎ እንደነቀፈው የሰማ ያውቃል። ስለ ሙዚቃው ዕውቀት ከእነሱ ጋር አልከራከርም። አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ይዞ ለሚውል ሰው ግን ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

የስሙዝ ጃዝ ሬድዮ የተወለደው ሎስ አንጀለስ ነው። በፌብሯሪ 1987 ኬኤምኢቲ የተባለው ስመ ጥር የሮክ ጣቢያ ተዘጋና በ94.7 ላይ «ዘ ዌቭ» ተተካ። መጀመሪያ ላይ አስተዋዋቂ እንኳ አልነበረውም፤ ሙዚቃ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ቺካጎና ሳን ፍራንሲስኮ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኒውዮርክ በሲዲ 101.9 ተከተሉ። ቺካጎ ላይ የፒያኖው ሊቅ ራምሲ ሉዊስ ራሱ የጠዋት ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። አድማጩ ጎልማሳ፣ ደመወዝተኛና ቢሮ የሚውል ስለነበር ማስታወቂያ አስነጋሪው ደጅ ይጠና ጀመር።

ገንዘቡ ሲበዛ ጥንቃቄውም በዛ። ብሮድካስት አርኪቴክቸር የሚባል አማካሪ ድርጅት ሰዎችን ሰብስቦ ቁራጭ ቁራጭ ዘፈን ያሰማቸዋል፤ እነሱም በእጃቸው የያዙትን መዘውር እንደ ስሜታቸው ያዞራሉ። መዘውሩ ዝቅ ያለበት ዘፈን ከጣቢያው ይወጣል። በዚህ ዓይነት ረጅሙ የፒያኖ ሶሎ፣ ያልታወቀው ወጣት፣ ትንሽ የሚቆረቁረው ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። ከ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በኋላ ጣቢያዎቹ በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ሲገቡ፣ አንዱ ከተማ የሚሰማው ሌላውም ጋ ይሰማ ጀመር። እኛ ሹፌሮቹ እንኳ ቀጥሎ የሚመጣውን ዘፈን መገመት ችለን ነበር። እንደኔ እምነት የጣቢያዎቹ ጉልበት መዛል የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ደግሞ መለኪያው ተቀየረ። ድሮ አርቢትሮን የተባለው ድርጅት የተመረጡ አድማጮች የሰሙትን ጣቢያ ለአንድ ሳምንት በደብተር እንዲመዘግቡ ያደርግ ነበር። ጣቢያውን የወደደ ሰው ቀኑን ሙሉ እሱን እንደሰማ ይጽፋል። ከ2007 ጀምሮ ግን ከፊላደልፊያና ከሂውስተን ተነስቶ፣ ቀበቶ ላይ የሚሰካና በድምፅ ውስጥ የተደበቀ ምልክት የሚለቅም ትንሽ መሣሪያ መጣ። የስሙዝ ጃዝ ጣቢያዎች የአድማጭ ቁጥርም አሽቆለቆለ። ለስላሳ ሙዚቃ ምልክቱን በደንብ አይሸከምም ብለው የተከራከሩ የሬድዮ ባለሙያዎች ነበሩ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ደብተሩ ላይ ይጻፍ የነበረው ፍቅር ነበር፣ መሣሪያው ግን ፍቅር አይቆጥርም።

በፌብሯሪ 2008 የኒውዮርኩ ጣቢያ ወደ ሮክ ዞረ። የእኛው 105.9 በዚያው ዓመት የድሮ ተወዳጅ ዘፈኖች ጣቢያ ሆነ። በሜይ 2009 ቺካጎ ወደ ስፓኒሽ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ወደ ድሮ ሮክ ተቀየሩ። «ዘ ዌቭ» ስሙን ይዞ ቢቀርም ቀስ በቀስ ወደ አር ኤንድ ቢ አዘነበለ።

ዛሬ ሙዚቃው በስልክ ሞልቷል፤ የፈለግኩትን አገኛለሁ። ያን ጊዜ ግን ቀይ መብራት ላይ ከጎኔ የቆመው ታክሲ መስኮቱ ዝቅ ካለ ያው ዘፈን ይሰማል፤ ሹፌሩ ያገሬ ሰው ከሆነ እጁን ያነሳልኛል። ሙዚቀኞቹን ቦኒ ጄምስንም ኖርማን ብራውንንም ያወቅኳቸው ሳልፈልጋቸው፣ ጣቢያው አምጥቶልኝ ነው። ዛሬ አንድ ጎበዝ ሳክስፎኒስት ቢነሳ፣ ለእኔም ከኋላ ለተቀመጠችው ነርስም በአንድ ጊዜ የሚያስተዋውቀው ያ ጣቢያ የለም።