ማስታወቂያ መዝጋትና በውሸት ክሊክ ማድረግ

ከመግሪብ በኋላ ስንቀማመጥ ወጣቶች «ኡስታዝ፣ ማስታወቂያ የሚዘጋ አፕ ብንጭን የሰው ሐቅ ይሆንብናል?» ይሉናል። በእኛ ግንዛቤ አይሆንም። ማስታወቂያ ብቻውን አይመጣም፤ የሚከታተል ዓይን አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሙስሊም ፕሮ የተባለው የሶላት ሰዓትና የቂብላ አፕ ተጠቃሚዎቹ ያሉበትን ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ሻጭ ድርጅት ይሰጥ እንደነበር ተጋለጠ። ከድርጅቱ ደንበኞች መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ነበሩ። ሱብሓነላህ፣ ቂብላ ፍለጋ በተከፈተ ስልክ! አፑ በኋላ ግንኙነቱን ማቋረጡን አስታውቋል። ተጀሱስ ሐራም ከሆነ ለሰላይ በር መዝጋት ምን ነውር አለው?

ያስቸገረን ሌላው ነው። አድኖዚየም የሚባለው ፕሮግራም የሚከታተለውን ለማደናገር ማስታወቂያውን ደብቆ በስውር ክሊክ ያደርጋል። (ጎግል በ2017 ከክሮም መደብሩ አስወጥቶታል።) ነገር ግን ክፍያው በክሊክ ከሆነ የሚከፍለው ጎግል አይደለም፤ ማስታወቂያውን ያስነገረው ሰው ነው። ምናልባት ቁጠባዋን ያወጣች ሒጃብ ሻጭ ትሆናለች። እሷ መቼ ሰለለችን? «ሲስተሙ የውሸቱን ክሊክ ለይቶ ይጥለዋል» የሚሉን አሉ፤ ሁሉን እንደሚጥል ግን ማንም ዋስ አይሆነንም።

ስለዚህ ለመጣ ሁሉ መዝጊያውን እንጭንለታለን፣ አድኖዚየምን አንጭንም። የሶላት አፑንም የቦታ ፈቃድ አጥፍተን ከተማውን በእጅ እናስገባለታለን።