በአክሱም ጽዮን ሁለት አብያተ ክርስቲያናት መካከል

ከእናቴ ጋር ወደ አክሱም የተጓዝነው በ2005 ዓ.ም. የኅዳር ጽዮን በዓል ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ለበዓሉ የመጣው ሕዝብ ስለ ተመለሰ ከተማይቱ ጸጥ ብላ ቆየችን። እናቴ የሄዱት ሊሳለሙ ነው፤ እኔ ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ የጥንቱን የግንብ ሥራ ላይ ነበር።

ከሐውልቶቹ ሜዳ ጀመርን። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው ሐውልት በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ ቆሟል፤ ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። ጠራቢዎቹ በአንድ ወጥ ደንጊያ ላይ በርና መስኮት፥ የወራጆቹም ጫፍ ሳይቀር ቀርጸው የፎቅ ቤት አስመስለውታል። እናቴ ቀና ብለው ብዙ ካዩት በኋላ፥ «ይህን ሁሉ ደክመው በሩ አይከፈት!» አሉ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ መንገዱን ተሻግረን ወደ ጽዮን ሄድን። የጥንቲቱ ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ዘመን ከጠፋች በኋላ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ እንዳሠሯት የሚነገርላት አሮጌይቱ፥ በሰፊው የጥንት መደብ ላይ ቆማለች፤ አራት ማዕዘን ናት፥ ጣራዋ ጠፍጣፋ፥ ጫፏም እንደ ጎንደር ግንቦች ባለ ጥርስ ነው። ደንጊያዋ ከምድሩ የበቀለ ይመስላል። በአቅራቢያዋ ያለችው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተሠርታ በ1957 ዓ.ም. የተመረቀችው ናት። በምርቃቷ ቀን ልጆች የነበሩ ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ «አዲሲቱ» መባሏ ግን አልቀረም። ያ ትልቅ ክብ ጉልላቷ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መስሎ ታየኝና ይህንኑ ለእናቴ ነገርኋቸው። ዝም አሉ።

ወደ አሮጌይቱ በገዳሙ ሥርዓት ሴት አይገባም። እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በውጭ ከዛፍ ጥላ ተቀመጡ፤ እኔ ገባሁ። የግድግዳውን ውፍረት፥ የሥዕሉን ቀለም፥ የድንግዝግዙን ደስታ ሳጣጥም ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላወቅሁም። ስወጣ ጥላው ከእናቴ ላይ ሸሽቷል፤ ፀሐዩ ፊታቸውን እየመታው ከዚያው አልተነሡም።

«እንዴት ነው ውስጡ?» አሉኝ። ስለ ሥዕሉና ስለ ግንቡ አስረዳኋቸው። «ወለሉስ? ምንጣፍ አለው?» ብለው ጠየቁ። አላስተዋልሁትም ነበር።

ወደ አዲሲቱ አብረን ገባን። ጫማቸውን አውልቀው በዚያ በሰፊው ወለል ላይ፥ ከባለ ቀለሙ መስኮት በሚወርደው ብርሃን ውስጥ፥ ጉልበታቸው ታማሚ መሆኑን የረሱ ይመስል ፈጥነው ወደ ፊት ሄዱ። ሰግደው ሲነሡ ዓምዱን በመዳፋቸው ደባበሱት። ስለ ጉልላቱ ያልሁትን እያሰብሁ ከበሩ አጠገብ ቆምሁ።

ማታ ለእኅታቸው በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ፤ «ጽዮንን ገባሁ እኮ! ገባሁ!» ይሉ ነበር። ከዚያም ፎቶግራፉን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ያነሣሁት ሁሉ አሮጌይቱን ነበር።

በማግሥቱ ከመነሣታችን በፊት ማልደን ተመለስን። እናቴ ከአዲሲቱ ደጃፍ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ጉልላቱም ይግባ፤ አደራ» አሉኝ። እርሱን ለማስገባት ብዙ ርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ።